የመጨረሻው ሰው አግዳሚ

እናንተ መንገደኞች፣ ተቀመጡ። ይህ አግዳሚ ማንንም ያስቀምጣል። ጫፉ ላይ ያለችውን እስር ጎመን ብቻ እንዳትነኳት፤ የማን እንደሆነች በኋላ እነግራችኋለሁ። እኔንም ተቀመጥ አትበሉኝ፤ ቆሜ ማውራት ይሻለኛል። የምነግራችሁ የዚህችን ከተማ ጉድ ነው። ስሟን አልጠራላችሁም፤ በእኛ ዘንድ ስም መጥራት እንደ ቀላል የሚታይ ነገር አይደለም። ከአገራችሁ ጋር የሚመሳሰል ነገር ከሰማችሁም ፀሐይ ሁሉን አገር አንድ ዓይነት ነው የምታጠቁረው ብላችሁ እለፉት።

በከተማችን ስም ከባለቤቱ እኩል ይከበራል። የአንድ ሹም ስም ሰሌዳ ላይ ተጽፎ በር ላይ ከተሰቀለ፣ በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ሹሙ ራሱ ደጃፉ ላይ እንደ ቆመ ቆጥሮ፣ ባርኔጣውን አንሥቶ ጎንበስ ብሎ ያልፋል። ሹሙ ቤቱ ተኝቶ ሰሌዳው ሰላምታ ሲቀበል ይውላል። ዝናብ ሲጥል ለሰሌዳዎቹ ጃንጥላ የሚይዙ ሠራተኞች አሉን። ሰሌዳ ወድቆ ከተሰበረ ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለቅሶ ይደርሳል፤ ባለቤቱም በሙሉ ጤንነቱ ደጁ ላይ ቆሞ «እግዜር ያጥናህ» ሲባል አሜን ይላል። ማን ከማን እንደሚበልጥ የሚያውቅ የማዕረግ ቢሮ የሚባል መሥሪያ ቤትም አለን። ሁለት ሰዎች ጠባብ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ቢገናኙና ማን ይቅደም ቢባል ወደ ቢሮው ሰው ይልካሉ። መልሱ እስኪመጣ መንገዱ ዝግ ነው።

እንግዲህ ይህች ከተማ ፀሐይ የማትምራት ከተማ ናት። በግንቦት ሰዉ በስልክ እንጨት ጥላ ውስጥ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፎ ሲቆም ታያላችሁ። በከተማዋ መሐል ግን ምንጭ ያለው አንድ ሜዳ ነበር፤ ዋንዛና ወይራ፣ ብሳናም የበቀለበት፣ መሐሉ ላይም ማን እንደ ተከለው የማይታወቅ ትልቅ ዋርካ የቆመበት። ይህን ሜዳ እንዲያለማ መንግሥት የልምላሜ ሹም ሾሞለታል፤ አቶ ሙላቱ ይባላሉ። ለልምላሜ ሥራ በየዓመቱ የሚመደብላቸው አንድ በርሜል አረንጓዴ ቀለም ነው። ግንቡን ቀቡት፣ ምሰሶውን ቀቡት፣ የመንገዱን ድንጋይ ቀቡት። አንድ ጊዜ ቀለሙ ሳይደርቅ ግንቡን የታከከች አህያም በዓመቱ ሪፖርት ውስጥ ከለሙት ጋር ገብታለች። ሜዳውን ግን ለመቀባት ስላልተመቻቸው ተዉት። ከተማው ቆሻሻውን እየደፋበት ምንጩ ሊደፈን ደረሰ።

ያኔ ነው እኛ ደጋግ ሰዎች የተነሣነው። «ጥላ ለሁሉ» የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር መሠረትን። ሰብሳቢያችን አቶ ልሳነወርቅ ነበሩ፤ አንድ ችግኝ ጉድጓድ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ስለ ችግኝ ጥቅም እየተናገሩ ችግኙን የሚያጠወልጉ ሰው። እኔ፣ ወንድይፍራው የምባለው፣ የምስጋና ክፍል ኃላፊ ተባልኩ። ሥራዬ የሰጠንን ሰው እንደሚገባው ማመስገን ነው። ለዚህ ቦታ የተመረጥኩት በንግግር ችሎታዬ ይመስለኝ ነበር። አካፋ ስይዝ አይተውኝ እንደሆነ የገባኝ ቆይቼ ነው።

መጀመሪያ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሥራችን ያማረ ነበር። ቆሻሻውን በጋሪ አወጣን፣ ምንጩን ጠረግን፣ ሜዳውን ከጎኑ ካለው ድንጋያማ ኮረብታ ጋር አገናኝተን እርከን ሠራንበት፣ ችግኝ ተከልንበት። መንግሥት ስንት ዘመን በቀለም ያልቻለውን እኛ በዶማ አደረግነው። የቀን ሠራተኛው በምሳ ሰዓት እዚያ ጋደም ይላል፤ ተማሪው ደብተሩን ይዞ ይመጣል፤ ሽማግሌዎች የጎረቤታቸውን ስም እያነሡ ይስቃሉ፣ ያውም ሳይጎነበሱ። ያን ጊዜ ሜዳው ላይ አንድም ሰሌዳ አልነበረም።

ከመጡት ሁሉ በፊት ግን እዚያ የነበረች አንዲት ሴት አለች። የሻረግ ትባላለች፤ ጎመን ሻጭ ናት። ከታች ገበያ ጎመኗን ተሸክማ ላይኛው ሰፈር እየዞረች ትሸጣለች። እግሯ ያብጣል። ሐኪም ቤት ሄዳ፣ እኩለ ቀን ላይ ቁጭ ብለሽ እግርሽን ከፍ ካላደረግሽ አንድ ቀን መራመድ ያቅትሻል ብለዋታል። ስለዚህ በየቀኑ ጥላው ሲሰበሰብ የዋርካው ሥር ላይ ትቀመጣለች፣ እግሯን ዘንቢሏ ላይ ትሰቅላለች፣ ትንሽ ታርፍና ተነሥታ የቀረውን ትሸጣለች። ልጆቿ የሚያድሩት በእነዚያ እግሮች ነው። ችግኞቻችንን መጀመሪያ ያጠጣችውም እሷ ናት፤ ጎመኗን ከምታረጥብበት ውኃ እየቀነሰች ታፈስላቸው ነበር። ማንም አላመሰገናትም። የምስጋና ክፍሉ የእኔ ነበር።

ነገራችን የተበላሸው በበጎ ሰው ነው። ነጋድራስ ካብትህይመር የሚባሉ የጨው ነጋዴ፣ እርከን የሠራንበት ኮረብታ የእሳቸው ነበርና፣ ከነአጥሩ ሰጡን፤ ከእሳቸው የበለጠ ለሜዳው የሰጠ የለም። አቶ ልሳነወርቅ ረጅም የምስጋና ንግግር አደረጉ፤ ነጋድራስ መሐሉ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሲነቁ ንግግር ነፋስ ነው፣ የሚቀር ነገር ስጡኝ አሉ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲሉም ጨመሩበት። ሁሉም ወደ እኔ አየ። እኔም እዚያው ተነሥቼ፣ ሰው የሚያርፍበት አግዳሚ እንሥራና መደገፊያው ላይ የነጋድራስን ስም እንቅረጽ አልኩ። ሐሳቡ ከአፌ ሲወጣ ራሴን ወደድኩት።

አግዳሚው ተሠራ። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ ሁላችንም ዙሪያውን ቆመን አየነው። ማን ይቀመጥበታል? የነጋድራስ ስም ላይ መቀመጥ ነጋድራስ ጭን ላይ መቀመጥ ነው። ነጋድራስ ራሳቸው ደግሞ ቤታቸው ስንት ወንበር እያላቸው ሜዳ ላይ ምን አስቀመጣቸው። ጥያቄው ለማዕረግ ቢሮ ተላከ፣ መልሱም መጣ። በአንድ አግዳሚ ላይ ከባለስሙ የሚያንስ ሰው አይቀመጥም፤ አግዳሚ ባለበት ሜዳ ደግሞ መሬት ላይ መቀመጥ አግዳሚውን መናቅ ስለሆነ ክልክል ነው። ለዚህም ዘብ ቆመበት። እኛ መልሱ በቶሎ በመምጣቱ ቢሮውን አመሰገንን፤ ክፍሌ ሥራ አይፈታም።

የነጋድራስ ስም ሜዳ ላይ መዋሉን የሰማ ሀብታምና ሹም ሁሉ ለልማት ተነሣ። አንዱ ችግኝ፣ አንዱ ቧንቧ፣ አንዱ የአትክልተኛ ደመወዝ ሰጠ፤ ሁሉም አግዳሚ ጠየቀ፤ ሁሉም ከፊተኛው ረዘም ያለ፣ መደገፊያው ከፍ ያለ ጠየቀ። እንጨት ከየት ይመጣል? መጀመሪያ ብሳናው ሄደ፣ ቀጥሎ ዋንዛው፣ ቀጥሎ ወይራው። ዛፍ እንድንተክል የረዳንን ሰው ዛፍ ቆርጠን እናመሰግነው ጀመር። ነገሩ እኛንም ሳይከብደን አልቀረም፤ በስብሰባ ተነጋገርንበት። ብዙ ከተከራከርን በኋላ «ተቆረጠ» የሚለው ቃል ከሪፖርታችን እንዲወጣና በምትኩ «ወደ አግዳሚነት ተሸጋገረ» እንዲባል ወሰንን። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው። ያን ቀን ሁላችንም ቀለል ብሎን ወደየቤታችን ሄድን።

አግዳሚው ሲበዛ ሜዳው ጠበበ፤ ስለዚህ ተጨማሪ መሬት ጠየቅን፣ ተሰጠንም። እንዲህ እያልን ሜዳችን በየዓመቱ ይሰፋ ነበር። ከሌሎች ከተሞች ልምድ ሊቀስሙ የሚመጡ እንግዶች አግዳሚዎቻችንን እያዩ ያደንቃሉ፣ ቆመው። ሕዝቡም ይመጣል፤ በአግዳሚዎች መሐል ባለው ጠባብ መንገድ ባርኔጣውን እያነሣ፣ ለእያንዳንዱ ስም እየጎነበሰ፣ አንዴ ዞሮ ወገቡን ይዞ ይወጣል። አቶ ልሳነወርቅ ይህን ለጤና የሚጠቅም እንቅስቃሴ ነው ብለው ሪፖርት ውስጥ አስገቡት።

እኔስ? እኔም የድካሜን አገኘሁ። የማኅበሩ ሠራተኞችም መመስገን አለባቸው የሚል ደብዳቤ ለምስጋና ክፍል ጻፍኩ፤ የምስጋና ክፍል ኃላፊም በመሆኔ ፈቀድኩ። ከወይራው የተረፈችውን ቁራጭ አሠርቼ፣ ስሜን አስቀርጬ፣ በሜዳው ዳር አስቀመጥኳት። ይህቺው ናት። በየቀኑ ከቀትር በኋላ መጥቼ ብቻዬን እቀመጥባታለሁ። በመላው ሜዳ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ዙሪያዬን የቆመው ሕዝብ የሚያከብረኝ ይመስለኝ ነበር።

የሻረግን ትረሳላችሁ ብዬ አይደለም የዘገየሁት። እሷ በዚህ ሁሉ መሐል ዋርካዋ ሥር መቀመጧን አልተወችም። ዘቦቹ ሊያስነሷት መጥተው ነበር፤ ግን የዛፍ ሥር መሬት ነው ወይስ አይደለም የሚል ክርክር ተነሣና ጥያቄው ወደ ማዕረግ ቢሮ ሄደ። ቢሮው እስኪመልስ እሷ እግሯን ሰቅላ ታርፋለች። ዘቦቹም መልሱ እንዲዘገይ በልባቸው ሳይጸልዩ አልቀሩም፤ ጎመን የሚገዙት ከእሷ ነው።

ከዚያ የከተማው ገዥ መጡ። ሜዳውን ዞረው አይተው፣ ይህ ሜዳ ለዘላለም የሕዝብ ነው የሚል ማኅተም እሰጣችኋለሁ አሉን። ደስታ ሊገድለን ደረሰ፤ ማኅበራችን ከተመሠረተ ጀምሮ የምንለምነው ይህን ነበር። ቀጥለው ግን ለማዕረጌ የሚመጥን ምስጋና እጠብቃለሁ አሉ። ምስጋናው ካልመጠነ አማቻቸው የሲሚንቶ መጋዘን የሚሠራበት ቦታ እየፈለገ መሆኑንም ሲወጡ በር ላይ ጣል አደረጉልን። ለገዥ የሚመጥን አግዳሚ ከሁሉ የሚበልጥ፣ ከአንድ ግንድ የወጣ መሆን አለበት። በሜዳው ላይ ገና ወደ አግዳሚነት ያልተሸጋገረ አንድ ዛፍ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ተሰበሰብን። ማንም ማንንም አላየም። አቶ ልሳነወርቅ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ዛፍ ያልፋል ማኅተም ግን ይኖራል አሉ። እኔ በዚያች ሰዓት ለዋርካው አዘንኩ፤ ይህን ብቻ እውነት በሉልኝ። ልጅ ሆኜ ጥላው ሥር ተጫውቻለሁ። ተነሣሁና፣ ዋርካውን ለምን እንቆርጣለን? ከመሬት የወጣው ትልቁ ሥር ራሱ አግዳሚ ይመስላል፣ የገዥውን ስም እሱ ላይ እንቸንክር፤ ሕይወት ያለው አግዳሚ ያለው ገዥ በየትኛውም አገር የለም አልኩ። ቤቱ በጭብጨባ ተነቃነቀ። አቶ ልሳነወርቅ አቀፉኝ። ያን ቀን በከተማው ከእኔ የሚበልጥ ብልህ እንዳልነበረ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ።

ሰሌዳው ተቸነከረ፣ ገዥው ተደሰቱ፣ ማኅተሙን ሰጡን። ሜዳው ዳነ፣ ዋርካው ዳነ። እኔም ከበዓሉ በኋላ በነበሩት ቀናት አግዳሚዬ ላይ ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ። ዋርካው ወዳለበት እያየሁ፣ ሥሩ ሰው የሌለው ለምን ይሆን ብዬ ለመጠየቅ እንኳ ጊዜ አላገኘሁም፤ ራሴን በማመስገን ተጠምጄ ነበር።

አንድ ቀን ቀትር ላይ የሻረግ ዘንቢሏን ተሸክማ አግዳሚዬ ፊት ቆመች።

«ጋሼ ወንድይፍራው፣ ዋርካውን ከመቆረጥ ያዳኑት እርስዎ ነዎት ይላሉ» አለችኝ።

«ሐሳቡ የእኔ ነው» አልኳት ቀና ብዬ።

«እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ እኔ የት ልቀመጥ?»

ማብራራት ጀመርኩ። ማኅተሙ ለዘላለም መሆኑን ነገርኳት፤ የማኅበራችንን ራእይ ነገርኳት፤ የአንድ ሰው መጉላላት ከብዙኃኑ ጥቅም ጋር ሲመዘን እያልኩ ስቀጥል ዓይኔ እግሯ ላይ ወደቀ። እግሯ ከጫማዋ አፍ ገንፍሎ ወጥቷል፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። ሥሩ ላይ ሰሌዳው ከተቸነከረ ወዲህ አንድም ቀን አላረፈችም። እኔ የተቀመጥኩባት አግዳሚ አጠገቤ ለሁለት ሦስት ሰው የሚሆን ባዶ ቦታ ነበራት፤ በሕጉ ግን የሻረግ ከወንድይፍራው ታንሳለች። ተነሥቼ ብቆምላት እንኳ ስሜ አይነሣም።

«እናቴ፣ ትንሽ ታገሺኝ» አልኳት።

«መታገሡንስ እታገሥ ነበር፤ እግሬ ነው እምቢ ያለኝ» ብላ ሸክሟን አስተካክላ ሄደች። ስትሄድ አንዱን እግሯን ትጎትት ነበር።

እንቅልፍ አጣሁ ብላችሁ አታምኑኝም፤ ተኝቻለሁ። ግን ሲነጋ ቀጥ ብዬ ማዕረግ ቢሮ ሄድኩ። የቢሮው ሹም አቶ ድረስ ይባላሉ፤ ለጠረጴዛቸው ሳይቀር ስም ሰጥተው ከመቀመጣቸው በፊት የሚጎነበሱለት ሰው ናቸው። ሕጉ ይሻር አላልኳቸውም፤ ያን ያህል ጀግና አይደለሁም። ሁሉም ሰው የሚቀመጥበት አግዳሚ በሕጉ ውስጥ ይቻላል ወይ ብዬ ብቻ ጠየቅኋቸው። ብዙ አሰቡ። ይቻላል አሉኝ በመጨረሻ፤ አግዳሚው ከሁሉ ሰው በታች ያለውን ሰው ስም ከያዘ ከእሱ የሚያንስ ስለሌለ ሁሉም ይቀመጥበታል። ማነው ያ ሰው? አልኳቸው። የመጨረሻው ቦታ ከጥንት ጀምሮ ባዶ መሆኑን ነገሩኝ። በግድ አይሰጥም፣ ጠይቆትም የሚያውቅ የለም። የያዘው ሰው በመንገድ ሰላም አይባልም፣ በጉባኤ አይናገርም፣ መንገዱንና መቀመጫውን ለመጣ ሁሉ ይለቃል።

እኔም የመጨረሻውን ሰው ፍለጋ ወጣሁ። ቀላል መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ ድልድዩ ሥር የሚለምኑትን ሽማግሌ ጠየቅኋቸው። ከሚሰጠኝ ባንስም ከሚነፍገኝ እበልጣለሁ፣ የሚነፍገኝ ደግሞ ብዙ ነው፤ አንተን ጨምሮ አሉኝ። ቀጥዬ ከጠላ ቤት ደጃፍ የማይጠፋ አንድ ሰካራም ጠየቅሁ። ከእኔ በታች የሚስቴ ወንድም አለ፣ እሱን ሳልቀብር አልወርድም አለ። እስር ቤት ሄጄ አንድ ሌባ አነጋገርኩ፤ ያን ያህል የወረደ ነገር ሰርቄ አላውቅም ብሎ አኮረፈኝ። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጡ ይባላል፤ በእኛ ከተማ ግን ሁሉም ዝንጀሮ ቆንጆ ነኝ ባይ ነው። እኔ ግን ሌሎቹን ሳስስ ራሴን ለአንድ አፍታ እንኳ አላሰብኩም። ልብ በሉ፣ ከተማውን ሙሉ ዞሬያለሁ።

በመጨረሻ፣ እንዲህ ያለ ጉድ ተሰምቶ አይታወቅም፣ ወደ የሻረግ ሄድኩ። ግንብ ተደግፋ በአንድ እግሯ ቆማ ጎመን ትሸጣለች። የመጨረሻውን ቦታ ብትወስጂ በስምሽ አግዳሚ ይሠራልሻል፣ ሰው ሁሉ ያርፍብሻል አልኳት። ነገሩን እንደ ሽልማት አስመስዬ ነበር ያቀረብኩት፤ ልማዴ ነው።

«ጋሼ፣ ሰላም ከማይባል ሰው ጎመን ማን ይገዛል?» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ሰው ይቀመጥ የሚሉት እርስዎ፣ የሚያዋጡት ግን የሰው ስም» አለችና ወደ ደንበኛዋ ዞረች።

አፈርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ሰው ሲያፍር ነበር የማውቀው፤ ሲደርስብኝ ጆሮ የሚያቃጥል ነገር ነው። የስንቱን ስም አስቀርጫለሁ፤ አንዱንም ስም ለሰው ማረፊያ ብዬ አላስቀረጽኩም። ቤቴ ሳልገባ፣ ሐሳቤን ሳልለውጥ፣ ተመልሼ አቶ ድረስ ዘንድ ገባሁ። ወንድይፍራው የመጨረሻው ሰው ይሁን አልኳቸው።

አቶ ድረስ ተጨነቁ። እንዲህ በቀላሉ አይሆንም አሉ፤ ከሁሉ ማነሴን ሊመሰክሩ የሚችሉ ሦስት የተከበሩ ሰዎች እንዳመጣ አዘዙኝ። እኔም ፈራሁ፤ ከዚህ ሁሉ ዘመን በጎ ሥራዬ በኋላ ማን ደፍሮ በእኔ ላይ ይመሰክራል ብዬ። በማግስቱ ስመጣ ሰልፉ ከቢሮው በር አልፎ እስከ ገበያው ደርሷል። ከፊት የቆሙት የማኅበራችን አባላት ነበሩ። አቶ ልሳነወርቅ አንደኛ ሆነው ገቡና ከሁሉም ንግግራቸው ያማረውን ንግግር አደረጉ፤ እንዲህ ያለ ችሎታ እንዳላቸው ያወቅሁት ያን ቀን ነው። አቶ ሙላቱም አረንጓዴ እጃቸውን አንሥተው መሰከሩ። ተራ ሳይደርሳቸው የቀሩት ቅር ብሏቸው ሄዱ።

እንዲህ ሆኖ ከሰው ሁሉ በታች ተቀመጥኩ፤ መቀመጥ ከተባለ። ይህቺ አግዳሚ ቀድሞ ስሜን ይዛ ስለነበር አዲስ ዛፍ አልተቆረጠም። ዘቦቹ ተሸክመው እዚህ ዋርካው ጥላ ሥር፣ ከገዥው ሥር አጠገብ አስቀመጧት። ሕዝቡ መጀመሪያ ራቅ ብሎ አየ። አንዱ የቀን ሠራተኛ የተቀረጸውን ስም አነበበ፣ ወደ እኔ አየ፣ ሳቀ፣ ተቀመጠ። ማንም አልከለከለውም። ከዚያ በኋላ አግዳሚዋ ባዶ ሆና አታውቅም።

የሻረግ የመጣችው እኩለ ቀን ላይ ነው። ሰዉ ጠጋ ጠጋ ብሎ ሰፊ ቦታ ለቀቀላት። ተቀመጠች፣ እግሯን ዘንቢሏ ላይ ሰቀለች፣ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ከዋርካው ማዶ ቆሜ አየኋት። ደስ አለኝ። ለማንም ያልነገርኩት፣ ማንም ያላጨበጨበለት ደስታ ነበር፤ ስላልለመድኩት ምን እንደማደርግበት ግራ ገባኝ። የእግሯ እብጠት ከዚያ ወዲህ እየጎደለ ሄዷል፤ አሁን ሳትጎትት ትራመዳለች።

ማኅበራችን ከዚያ ወዲህ ገናና ሆኗል። አቶ ልሳነወርቅ ለእንግዶች ሁሉ ይህቺን አግዳሚ እያሳዩ፣ ማኅበሩ ባደረገው ያልተቋረጠ ጥረት ሕዝቡ መቀመጥ ጀምሯል ይላሉ። ሌሎች ከተሞችም እንዲህ ያለ አግዳሚ ለመሥራት ፈልገው የመጨረሻ ሰው ቸገራቸው። አቶ ልሳነወርቅ እንዲህ ያለው ሰው የሚገኘው በእኛ ዘንድ ብቻ ነው ሲሉ እሰማለሁ። ከተሾምኩ ጀምሮ ስለ እኔ የተባለ ምስጋና ይህ ብቻ ነው፤ ሰላምታ ቢከለክሉኝም መስማት አልከለከሉኝም። ከከተማው ሰው ጋር በጉባኤ መናገር አይፈቀድልኝም፤ ለመንገደኛ ማውራት ግን ሕጉ አላነሣውምና ይኸው እናንተን አደክማለሁ።

እንግዲህ ጎመኗ ቀረች። በሕጉ የሻረግ ሰላም ልትለኝ አትችልም፣ ሰላምም ብላኝ አታውቅም። ግን በየቀኑ አርፋ ስትነሣ አንዲት እስር ጎመን የተቀመጠችበት ቦታ ላይ ትተዋለች። መጀመሪያ የረሳቻት መስሎኝ ነበር። በማግስቱም ተወቻት፣ በሦስተኛውም ቀን። ሰው ሲመጣ ጎመኑን አይቶ ቦታው የተያዘ ይመስለውና በሌላው በኩል ይቀመጣል። እሷም ከሩቅ ቆማ ወደ እኔ ታያለች። ቦታ እየያዘችልኝ ነው። ጎመን ሰው ስላልሆነ ማዕረግ የለውም፤ ጎመኑን አንሥቼ ብቀመጥ ማንንም አላስነሣም።

እኔ ግን የዚህች ከተማ ሰው ነኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ጎመኗ ትበልጠኝ እንደሆነና እንዳልሆነ ለማዕረግ ቢሮ አመልክቻለሁ፤ አቶ ድረስ ጉዳዩ ከባድ ነው፣ ይጠናል ብለውኛል። የሻረግ ይህን ከዘብ ሰምታ ሆዷን ይዛ እስክትቀመጥ ድረስ እንደ ሳቀች ነገሩኝ። የተቀመጠችውም በስሜ ላይ ነው። በማግስቱም ጎመኗን አምጥታ ቦታዬ ላይ አኖረች፤ ዛሬም እንደምታዩት አኑራለች።

ቀትር እያለፈ ነው፤ እግሬም መደንዘዝ ጀምሯል። እናንተ ግን አትነሡ፣ እረፉ። ጎመኗን ብቻ እንዳትነኩብኝ።